በሰባት የምንቆጥረው ሙዚቃ

አሶሳ የገባሁት ክልሉ ገና ስሙን በቆርቆሮ ላይ እያስጻፈ በነበረበት ጊዜ ነው። ቢሮዎቹ የሚከፈቱት በኪራይ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ ነበር፤ ትናንት ሰው ይተኛበት የነበረ ክፍል ዛሬ በሩ ላይ "መዝገብ ቤት" የሚል ወረቀት ይለጠፍበታል። እኔም ሥራ ያገኘሁት በዚሁ አዲስነት ምክንያት ነው። አዲስ ክልል የኪነት ቡድን ያስፈልገዋል፣ የኪነት ቡድን ደግሞ ኦርጋን የሚጫወት ሰው ያስፈልገዋል። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራ አምስት ዓመት ኦርጋን ተጫውቻለሁ። መንግሥት ሲለወጥ ኦርኬስትራው ተበተነና ሁለት ዓመት ያህል እህቴ ቤት ሶፋ ላይ ተኛሁ። ያኔ ሠላሳ ዓመት ሞልቶኝ ነበር፤ ባል የለኝም፣ ልጅ የለኝም። ማስታወቂያውን አይታ የነገረችኝ እህቴ ናት። "ሩቅ ነው ግን" አለችኝ። እኔ ደግሞ የወደድኩት ሩቅ መሆኑን ነበር።

አንዲት ከወለጋ የመጣች ጴንጤ ሴት ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ማንጎ ሲበስል ሌሊትና ቀን እየወደቀ ያስደነግጠኛል። አከራዬ ደግ ነበረች፤ እህቴ እያለች ትጠራኛለች፣ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን እንድሄድላት ትለምነኛለች፣ እንቢ ስላት አትቀየመኝም።

ቡድኑ ውስጥ ያሉት ዘፋኞችና ተወዛዋዦች ሁሉም የየራሳቸውን ዘፈን ይዘው ነው የመጡት፤ በርታው የበርታን፣ ጉሙዙ የጉሙዝን፣ ሽናሻው የሽናሻን፣ በሰፈራ ከወሎ የመጣው የወሎን። የኔ ሥራ ከሥር ከሥር እየተከተልኩ ቅኝቱን ማግኘት ነበር። ስብሰባ ሲከፈት እንጫወታለን፣ በዓል ሲከበር እንጫወታለን፣ ትልቅ እንግዳ ሲመጣ አውሮፕላን ማረፊያ ሄደን እንጫወታለን። ዘፈኑ ሦስት ደቂቃ፣ ቢበዛ አራት ነው። ልምምድ ሲያልቅ በየቋንቋቸው እየተሳሳቁ ተቃቅፈው ይወጣሉ። እኔ ኦርጋኑን በጨርቅ ሸፍኜ፣ በሩን ቆልፌ፣ ብቻዬን ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።

ቤት ውስጥ ለማንም ያልነገርኩት ነገር ነበረኝ። ኦርኬስትራው ውስጥ እያለሁ ውጭ አገር የተማረ የትራምፔት አስተማሪያችን ሦስት ካሴት ሰጥቶኝ ነበር። አንድ ዘፈን የካሴቱን አንድ ገጽ ሙሉ የሚይዝባቸው ካሴቶች ናቸው። ጊታሩ ይጮኻል፣ ከዚያ ድንገት ጸጥ ይላል፣ ከዚያ ከሰው እጅ ሳይሆን ከማሽን የሚወጣ ድምፅ ቀስ እያለ ይመጣል፣ ምቱ ይቀየራል፣ አገሩ ይቀየራል። አስተማሪያችን "ይሄ ፕሮግረሲቭ ሮክ ይባላል፤ ኤሌክትሮኒክም አለበት። ደጋግመሽ ካልሰማሽው አይገባሽም" ብሎኝ ነበር። ደጋግሜ ሰማሁት። አሶሳ በገባሁ በመጀመሪያው ክረምት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ቴፑን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ነበር የምሰማው። የቴፕ ድንጋይ እየገዛሁ ጨረስኩ። እንዲህ ያለ ነገር መሥራት እንደምፈልግ ያወቅኩት በዚያ ክረምት ነው። ከማን ጋር እንደምሠራው ግን አላውቅም ነበር።

አንድ ቀን በልምምድ መሃል ትልቁ ድምፅ ማጉያ ጸጥ አለብን። የቡድኑ ኃላፊ "የፊዚክስ መምህሩን ጥሩልኝ" አለ። ከከተማው ትምህርት ቤቶች በአንዱ የሚያስተምር፣ የሰው ሬዲዮ እየጠገነ የታወቀ ሰው ነበር። ረጅምና ቀጭን ነው፤ የሸሚዙ ኪስ ቀለም በተፋ እስክሪብቶ ተበላሽቷል። የማጉያውን ጀርባ ፈታ፣ አንዲት ሽቦ በየደና ጄኔሬተሩን አስነሱ አለ። ማጉያው ሲነሳ ከስፒከሩ ውስጥ አንድ ረጅም ድምፅ ወጣ፤ ከታች ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ላይ የሚሄድ፣ የማያቋርጥ። ዘፋኞቹ ጆሯቸውን ያዙ። መምህሩ ሊያጠፋው እጁን ሰደደ።

"አያጥፉት!" አልኩ።

ቀና ብሎ አየኝ። "ብልሽት እኮ ነው" አለ።

"አውቃለሁ። ትንሽ ይቆይ።"

አልሳቀብኝም። እጁን መለሰና አብሮኝ አዳመጠ። ኦርጋኑ ላይ ድምፁ የደረሰበትን ኖታ ፈልጌ ያዝኩ፣ ከሥሩ አንድ ሌላ ጨመርኩበት። ምናልባት አንድ ደቂቃ ነው የቆየነው። ከዚያ ኃላፊያችን "ኧረ በፈጠራችሁ!" ብሎ ጮኸና ድምፁ ጠፋ። መምህሩ ዕቃውን ወደ ቦርሳው እየከተተ፣ ማንም ሳይሰማው፣ "እሁድ ይመችዎታል? ቤተ ሙከራ ውስጥ የማሳይዎት ነገር አለኝ" አለኝ።

የሚያሳየኝ ነገር አንድ የጠመኔ ሳጥን ነበር። ከሞቱ ሬዲዮኖች ውስጥ ያወጣቸውን ትራንዚስተሮች ውስጡ ደርድሯል፤ በላዩ ላይ አራት የሬዲዮ መዘውር ተሰክቷል። አንዱን ሲያዞረው ድምፁ ይወፍራል፣ ሌላውን ሲያዞረው ይንቀጠቀጣል፣ ሦስተኛውን ሲያዞረው እንደ ሰዓት መምታት ይጀምራል። ዩኒቨርሲቲ እያለ የገዛት ጊታር ነበረችው። ጊታሯን በሳጥኑ ውስጥ አሳልፎ ሲመታት ድምፅዋ ቆርቆሮ የሚቀደድ ይመስላል። ቀን ቀን መብራት ስለሌለ ሁሉም ነገር የሚሠራው በአሮጌ የመኪና ባትሪ ነው። ኦርጋኑን በሰው አሸክሜ አመጣሁ። ያንን ቀን ከሰዓት በኋላ ሳናወራ አሳለፍነው። ስንወጣ "እርስዎ" ማለት ትተን ነበር።

አከራዬ ሰማች። "እህቴ፣ ከተማው ትንሽ ነው" አለችኝ። "ሴት ብቻዋን እሁድ እሁድ ወንድ ጋ ከተመላለሰች ሰው የሚያወራው አያጣም።"

እውነቷን ነው። ስለዚህ ከቡድናችን አንድ ሰው ይዤ መሄድ ጀመርኩ። ዙምባራ የሚነፋ፣ ሃምሳውን ያለፈ የበርታ ሰው ነው፤ አባባ እለዋለሁ። ዙምባራ ረጅም ጡሩምባ ነው፤ አንዱ ሰው አንድ ድምፅ ብቻ ይነፋል፣ ዜማ የሚሆነው ብዙ ሆነው ተራ በተራ ሲቀባበሉ ነው። አባባ መጀመሪያ የመጣው ለኔ ክብር ብሎ ነበር። በሩ ላይ ወንበር አስቀምጦ፣ ጡሩምባውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ ዝም ብሎ ያየናል። በሦስተኛው እሁድ ሳንጠይቀው አንሥቶ ነፋ።

እኛ ያን ጊዜ በሰባት የሚቆጠር ምት ላይ ነበርን። ሳጥኑ ሰባት ጊዜ ይመታና እንደገና ይጀምራል። እኔና መምህሩ በየሁለት ዙሩ እንሳሳታለን፤ እግራችን ስድስት ወይም ስምንት ይፈልጋል። አባባ ግን አንዷን ድምፁን ከአራተኛውና ከአምስተኛው መሃል አስገባት። በሚቀጥለው ዙርም እዚያው። በሚቀጥለውም።

"እንዴት ቆጠርከው አባባ?" አልኩት።

አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም፤ እኔንም አንተ ነው የሚለኝ። "አንተ ሰባት ትላለህ" አለ። "እኔ ሰባት አላውቅም። እኔ ጓደኛ ሲነፋ ነው የምነፋው። እዚህ ጓደኛ የለም፤ ሳጥኑን ሰማሁ።"

መምህሩ ደብተሩን አውጥቶ አንድ ነገር ጻፈ። ምን እንደጻፈ አላሳየኝም።

እንደዚህ ሆነን አንድ በጋ ሙሉ ሠራን። ስም አላወጣንለትም፤ በመካከላችን "የእሁዱ" ነበር የምንለው። ከሰኞ እስከ ዓርብ የስብሰባ መክፈቻ እጫወታለሁ፤ መምህሩ የኦምን ሕግ ያስተምራል። እሁድ ሲመጣ አንድ ረጅም ሥራ ላይ እንቀመጣለን። በሳጥኑ ብቻ ይጀምራል፣ ኦርጋን ይገባል፣ ጊታሩ ይቀዳድደዋል፣ ከዚያ ሁሉም ይጠፋና የአባባ አንድ ድምፅ ብቻውን ይቀራል፤ ከእሱ ተነሥተን በሰባት እንገባለን። ሃያ ሁለት ደቂቃ ይወስዳል። ሁለት ቴፕ አፍ ለአፍ ገጥመን እንቀዳዋለን፤ አንዱ የቀደመውን ያጫውታል፣ እኛ በላዩ እንጫወታለን፣ ሌላው ሁሉንም ይቀዳል።

ሰው የሚጠረጥረው ነገር በመካከላችን አልነበረም። እጄን እንኳ ጨብጦ አያውቅም፤ ስንገናኝ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ሰላም ይለኛል። ግን ሰኞ ጠዋት ስነሣ እሁድ ስንት ቀን እንደቀረው የምቆጥር ሆንኩ። ያ ምን ይባላል? ያኔ ሙዚቃ ነው አልኩት። አሁንም ሌላ ስም ልሰጠው አልደፍርም።

በክልሉ አንድ የበዓል ቀን ስታዲየም ውስጥ ነበርን። ሕዝቡ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል፣ እንግዶቹ ዳስ ውስጥ ናቸው። ዋናዎቹን ተወዛዋዦች ከባምባሲ የሚያመጣው መኪና መንገድ ላይ ቆመ ተባለ። ንግግሩ አልቋል፤ ሜዳው ባዶ ነው። ኃላፊያችን ላብ አጥምቆት ወደ እኔ መጣ።

"ያቺን የእሁዷን ነገራችሁን ተጫወቱ። አሥር ደቂቃ ሙሉልኝ።"

"አሥር ደቂቃ ከየት ነው የምቆርጠው?" አልኩት።

"ከፈለግሽበት!"

መምህሩ ከተማሪዎቹ ጋር ሰልፍ ላይ ነበር። ሮጦ ሄዶ ሳጥኑንና ጊታሩን አመጣ። አባባ የበዓል ልብሱን እንደለበሰ ከጎናችን ቆመ። ጀመርን። የሳጥኑ ድምፅ በዚያ ሁሉ ስፒከር ሲወጣ ቤተ ሙከራ ውስጥ የማውቀው ድምፅ አልነበረም፤ ደረቴ ውስጥ ገባ። ኦርጋኑን አስገባሁ። ሰዉ ጸጥ አለ። እውነት ለመናገር ለአንድ ሁለት ደቂቃ ያህል በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ከዚያ ጊታሩ ገባ።

የድምፅ ባለሙያው መሣሪያው የተቃጠለ መስሎት ዋናውን አጠፋው።

ድንገት የቀረው የጊታሩ ክር ንዝረትና የኔ ጣት ቁልፎቹን ሲነካ የሚሰማው ኳ ኳ ነው። አባባ ተራው ሲደርስ ነፋ፤ የሱ መሣሪያ መብራት አይፈልግም። አንድ ድምፅ ብቻ፣ በትልቅ ሜዳ ላይ። ከዚያ የመድረክ መሪው ሌላ የእጅ ድምፅ ማጉያ ይዞ፣ "የተከበራችሁ እንግዶች፣ ባጋጠመን ቴክኒካዊ ችግር ይቅርታ እንጠይቃለን" አለ። ሰዉ አጨበጨበ። ወዲያው የባምባሲው መኪና ደረሰ።

ዕቃችንን ሰብስበን ከስታዲየሙ ጀርባ አጥሩ ሥር ተቀመጥን። መምህሩ ሳቀ፤ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። "ቴክኒካዊ ችግር!" ይላል፣ ደግሞ ይስቃል። እኔም ሳቅሁ።

"ጠሉት አይደል አባባ?" አልኩ።

"አልጠላም ሰው" አለ አባባ። "አልገባውም። አልገባውም ሌላ ነው።"

ከወር በኋላ መምህሩ ወደ ግልገል በለስ ተዛወረ። የነገረኝ ሊሄድ አምስት ቀን ሲቀረው፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሽቦ እየጠቀለለ ነው። የሚሄደው ምክትል ርዕሰ መምህር ሆኖ እንደሆነ፣ እናቱም ቻግኒ ስላሉ እንደሚቀርባቸው ነገረኝ።

"አዘዙህ?" አልኩት።

"እኔ ነኝ የጠየቅኩት" አለ። ዓይኑን ከሽቦው አላነሳም።

ግልገል በለስ የኛው ክልል ነው። ግን ዓባይ በመሃል ይገባል፤ ያኔ ከአሶሳ ለመድረስ በነቀምት አድርጎ አዲስ አበባ፣ ከዚያ በጎጃም ዞሮ መሄድ ነበር፣ አራት ቀን። በአንድ ክልል ውስጥ ሆነን ከኔ ይልቅ አዲስ አበባ ያለ ሰው ለሱ ይቀርበው ነበር። አውቶቡስ ጣቢያ አልሸኘሁትም። ሰው ያወራል ብዬ ነው፤ ቢያንስ ለራሴ እንዲያ አልኩ። የማስበው ግን ሌላ ነበር፤ ስታዲየም ላይ በሰው ፊት ያዋረድኩት እኔ ነኝ፣ እምቢ ማለት ነበረብኝ፣ ያ ቀን ባይኖር አይሄድም ነበር።

ሁለት ወር ቆይቶ ለክልል ስብሰባ የመጣ አንድ ሰው ፖስታ አመጣልኝ። ውስጡ ካሴት አለ፤ ወረቀት የለም። ቴፑ ውስጥ ከተትኩት። የኛው ሥራ ነው፤ በላዩ አዲስ ጊታር ተጫውቶበታል። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ሁለተኛ ቴፕ ተውሼ ኦርጋን ጨመርኩበትና ሰውዬው ሲመለስ ላክሁለት።

እንዲህ እየተላላክን አንድ ዓመት ከምናምን ቆየን። ካሴቱ የሚሄደው በሰው እጅ ነው፤ አንዳንዴ ሦስት ወር ይፈጃል። በተቀዳ ቁጥር ሹሹታው ይጨምራል፣ የመጀመሪያዎቹ ድምፆች ከሩቅ እንደሚመጡ እየሆኑ ይሄዳሉ። የአባባ ጡሩምባ ከግድግዳ ጀርባ ያለ መሰለ። እሱም ጉልበቱን እያመመው ቡድኑን ትቶ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው መንደሩ ተመልሶ ነበር። እሁድ ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ክፍሌ ውስጥ፣ አከራዬ ቤተ ክርስቲያን ስትሆን፣ ጣቴን ጉልበቴ ላይ እየመታሁ እስከ ሰባት እቆጥራለሁ።

አራተኛው ካሴት ላይ፣ ጸጥታው ጋ ሲደርስ፣ የሴት ድምፅ ሰማሁ። ከሌላ ክፍል ነው የምትጣራው። "ኧረ ምሳው ቀዘቀዘ!" ትላለች። እሱም ከጊታሩ ላይ ሳይነሣ "መጣሁ፣ መጣሁ" ይላል፤ እንዲህ ባለ ድምፅ ለኔ ተናግሮኝ አያውቅም። ወደኋላ መልሼ ደጋግሜ ሰማሁት። ሊያጠፋው ይችል ነበር። ወይ አልሰማውም፣ ወይ እንድሰማው ፈልጓል። እኔም አላጠፋሁትም። ኦርጋኑን ከምሳው በኋላ አስገብቼ ላክሁ።

ከዚያ በኋላ ምንም አልመጣም።

መምህሩ በሄደ በሁለተኛው ዓመት ቡድናችን ክልሉን ሊዞር ተነሣ፤ ግልገል በለስ ያለችበት መተከልም አለበት። አራቱን ቀን በአውቶቡስ ሄድን። ዘፋኞቹ እስከ ነቀምት ዘፈኑ፣ ከዚያ ደከማቸው። ግልገል በለስ ከሰዓት በኋላ ገባን፤ ሙቀቱ ጉሮሮ ያደርቃል። ፊቴን ታጥቤ ቤቱን ጠይቄ ሄድኩ።

በሩን የከፈተችልኝ ልጅ የታቀፈች፣ ከኔ በአሥር ዓመት የምታንስ ሴት ናት። ማን እንደሆንኩ ሳልነግራት ትኩር ብላ አየችኝና "የካሴቷ እትዬ ነሽ አይደል?" አለችኝ። ድምፅዋን ወዲያው ለየሁት።

"ነኝ" አልኩ።

"ግቢ፣ ግቢ። እሱ ትምህርት ቤት ነው፤ አሁን ይመጣል።"

ውኃ ሰጠችኝ። ሕፃኑን አልጋ ላይ አስቀመጠችና ትንሽ አፈረች። ከዚያ "አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እንዳትቀየሚኝ" አለች። "የላክሽው ካሴት ላይ ልጄን ቀድቼበታለሁ። ባዶ መስሎኝ ነው። መሃል ላይ ምንም አይሰማም ነበር።"

"ጸጥ የሚልበት ቦታ አለው" አልኳት።

"እሱም እንዲያ አለኝ። አልተቆጣኝም፤ ግን ሁለት ቀን አላወራኝም።"

ተነሥታ ካሴቱን አጫወተችልኝ። ኦርጋኔ ከሩቅ መጣ፣ ጸጥታው ላይ ደረሰ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማና አንድ ሕፃን ከት ብሎ ሳቀ። አልጋው ላይ ያለው ልጅም የራሱን ድምፅ ሰምቶ ዞረ። እኛም ሳቅን። መሳቄ ከልቤ ነበር፤ ሳቄ ሲያበቃ ግን እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

መምህሩ መጣ። ወፍሯል። ጊታሯ ግድግዳ ላይ ተሰቅላለች፣ ሁለት ክር የላትም። ሳጥኑን ጠየቅሁት።

"ተማሪዎቼ ፈታትተው ተማሩበት" አለ። "አሁንም ትጫወቺዋለሽ?"

"አንዳንዴ።"

"የኔ እጅ ጠፍቷል።"

እራት በላን፤ ሚስቱ እየደጋገመች አጎረሰችኝ። ስወጣ እስከ ማረፊያችን ሸኘኝ። መንገዱ ላይ ብዙ ሰው ሰላም ይለዋል። አንድ ቦታ ላይ ቆምን።

"በዓሉ ላይ ስላዋረድኩህ ይቅርታ" አልኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ ይዤው የዞርኩት ነገር ነው።

ግራ ገባው። "የቱ በዓል?"

"ስታዲየሙ። ለዚያ አይደል የሄድከው?"

"ኧረ በጭራሽ!" አለ። "ዝውውሩን የጠየቅሁት ከዚያ በፊት ነው። ከሦስት ወር በፊት።"

"ሦስት ወር ሙሉ እሁድ እሁድ ስንሠራ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

መሬት መሬት አየ። "ብነግርሽ መምጣት ትተዪያለሽ ብዬ ፈራሁ" አለ። "ያቺን ሥራ መጨረስ ፈልጌ ነበር።"

ሥራዋን ነው ያለው። እኔም ሥራዋን ነው የሰማሁት። በእጅ ተጨባበጥን፤ የመጀመሪያችን ነበር። በማግስቱ ቡድናችን ሲጫወት ከሚስቱና ከልጁ ጋር መጥቶ ከፊት ተቀምጦ ነበር፤ ለሦስት ሦስት ደቂቃ ዘፈኖቻችን ሁሉ አጨበጨበልን።

አሶሳ ስመለስ አከራዬ ለሠርግ ነቀምት ሄዳ ነበር፤ ግቢው ውስጥ ማንም የለም። መጣሁ የምለው ሰው አጣሁ። ቤቱን ጠረግሁ፣ ሻይ አፈላሁ፣ ቆሜ ጠጣሁት።

ከዚያ በኋላ ባለው በጋ ሥራውን ብቻዬን እንደገና ቀዳሁት፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሁሉንም በኦርጋን። የጊታሩን ቦታ ጊታር ለማስመሰል አልሞከርኩም፤ ባዶ ተውኩለት። ሃያ ስድስት ደቂቃ ሆነ። ማን ይስማልኝ ብዬ ሳስብ ወደ አእምሮዬ የመጣው አንድ ሰው ነው። ቴፑን በነጠላ ጠቅልዬ ወደ አባባ መንደር ሄድኩ።

አባባ ጥላ ሥር አልጋ ላይ ተጋድሞ ነበር፤ ጉልበቱ አብጧል። ሁሉንም ሰማ፣ ዓይኑን ጨፍኖ።

"የመምህሩ የት ሄደ?" አለኝ።

"የለም አባባ። ብቻዬን ነው የሠራሁት።"

"ብቻህን መሆን ይሰማል" አለ።

"መጥፎ ነው?"

"መጥፎ አላልኩም። ይሰማል አልኩ።" ከዚያ የሶላት ጥሪ ሆነና ልጆቹ ደግፈው አነሡት።

መኪና የሚመጣው ገና ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ከቤቱ ጎን ሴቶች ሰሌን ላይ ተቀምጠው ለውዝ ይፈለፍላሉ፤ ሚስቱ፣ ምራቶቹ፣ ጎረቤቶች። በበርታ ቋንቋ ያወራሉ፣ ይስቃሉ፤ አንድም ቃል አይገባኝም። አንዷ ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠችኝና ከፊቴ አንድ እፍኝ ለውዝ አፈሰሰችልኝ። ጫማዬን አውልቄ ተቀመጥኩ። መኪናው እስኪመጣ ድረስ ከእነሱ ጋር ፈለፈልኩ።